የሃሩን ቀይ ናስትሮ

አባቴ ሃሩን የሰው ስም አይይዝም፤ የሚይዘው ገመድ ነው። ጎፋ ውስጥ አብረን ስንሄድ ከአንዷ ጋር እስኪበቃው ሰላም ይባባልና ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ "የቴሌቪዥኗን ገመድ በር የቆረጠባት ናት" ይለኛል። ስሟን ብጠይቀው አያውቅም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲጠግን ኖሯል። ሰው ገመዱ የተላጠ ካውያ ወይም ስቶቭ ይዞ ሲመጣ፣ ጣሉትና አዲስ ግዙ ማለት አይሆንለትም ነበር። የተላጠውን ቦታ በጥቁር ናስትሮ ጥብቅ አድርጎ ይጠቀልልና በላዩ አንድ ዙር ቀይ ናስትሮ ይጨምርበታል። ቀዩ ፊርማው ነው። ቀይ ያለበት ገመድ እንደገና ከተበላሸ በነፃ ይሠራል። ሰፈሩ ይህን ወደደለት። "የሃሩን ቀይ አለበት" ከተባለ ስለዚያ ገመድ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። እኔም ልጁ ሲሃም አልጨነቅም ነበር።

አምና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሠርግ የምለብሰውን ቀሚስ እየተኮስኩ ሳለ የካውያው ገመድ ልክ ቀዩ ላይ ጭስ አወጣ። እኔ ጅሏ ደግሞ በእጄ ያዝኩት! ናስትሮው ቀልጦ መዳፌ ላይ ተጣበቀ። ገመዱን ስወረውረው መጋረጃው ተያያዘ። አባቴ ከጓሮ ሮጦ ሲገባ መጀመሪያ የሄደው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ቆጣሪው ነው። መብራቱን ከዋናው አጠፋ፣ መጋረጃውን ቦጭቆ አወረደ፣ በብርድ ልብስ አፈነው። ከዚያ እጄን ይዞ ቧንቧ ስር ቆመ። ብዙ ቆመ። እናቴ "በቃ እኮ ሃሩን፣ ልጅቷ በረዳት" ብትለውም አልለቀቀኝም።

በማግስቱ ጠዋት ናስትሮውን በፒንሳ ፈታው። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አብዛኞቹ ተበጣጥሰዋል፤ የቀሩት ጠቁረዋል። ያ ሁሉ ኮረንቲ በሦስት አራት ክር ላይ ሲያልፍ ኖሯል። ናስትሮው ጉዳቱን ሸፈነው እንጂ አላዳነውም።

"ሲሃምዬ፣" አለኝ፣ "እንዲህ ያለ ስንት ነው የሠራሁት?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የራሱን ሥራ ለቀማ ወጣ። ቤት ለቤት እየዞረ ቀይ ያለበትን ገመድ ሁሉ ከስፒናው ጀምሮ እስከ ዕቃው ድረስ በአዲስ ይቀይራል። ሳይጠሩት ሌላውንም ገመድ በመዳፉ እየዳበሰ የሚሞቀውን ይፈልጋል፤ ስቶቩን ከዲቫይደር ነቅሎ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል። አንዳንዱ ሳቀበት። አንዷ "ምነው፣ የሠራኸውን ልታፈርስ መጣህ?" አለችው። ጎረቤታችን ጋሽ ጉተማ ፍሪጄን አላስነካም ብለው ሦስት ቀን አመላለሱት። እሱ አይቆጣም። እኔ ግን አባቴን ደጃፍ ላይ የሚያቆም ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን ጋሽ ጉተማን የተቃጠለ መዳፌን አሳየኋቸው፤ ወዲያው አስገቡት።

በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ፤ የእማማ አሰገደች ማሞቂያ።

እማማ አሰገደች የድሮ ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ ሆስፒታል በተኛችበት ክረምት ስድስት ሳምንት ከጎናቸው ያስተኙኝ፣ ፀጉሬን የሠሩኝ እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ማሞቂያ ከአጠገባቸው አይጠፋም። ቤታቸው ሲፈርስ ወደ ለቡ ሄዱ፤ የት ጋ እንደሆነ አናውቅም ነበር። ደግነቱ ሰፈር ቢለቁም እድሩን አልለቀቁም ነበርና ስልካቸውን ከእድሩ ጸሐፊ አገኘን።

አባቴ ደወለላቸው። "እማማ፣ ማሞቂያውን ይንቀሉት፣ እየመጣሁ ነው።"

"አንተ የነካኸው ምን ይሆናል ብለህ ነው?" ብለው ሳቁ። ቤታቸውን ነገሩት፤ ከዚያ ትዝ እንዳላቸው ሁሉ፣ "ሰሞኑን ግን የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል። የጎረቤት ወጥ ነው መሰለኝ" አሉ።

አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። "ይንቀሉት!" ብሎ ጮኸ። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ስልኩ ግን ተዘግቷል። መልሰን ብንደውል የሚያነሳ ጠፋ።

ታክሲው አንድ ሰው ጎድሎት አልንቀሳቀስም አለ። አባቴ "የጎደለውን ሰው ሂሳብ እኔ እከፍላለሁ፣ ንዱት" አለ። እስከ ለቡ ድረስ አዲሱን ገመድ ጭኑ ላይ እንደያዘ ነው። እኔም ከእማማ ጋር የተኛሁበትን አልጋ እያሰብኩ እንባዬ መጣ።

ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንኳኳን፤ የምርኩዛቸው ድምፅ ተሰማ፤ በሩ ተከፈተ። ሊያቅፉኝ እጃቸውን ሲዘረጉ አባቴ በጎናቸው አልፎ ገባ። ማሞቂያው ቀልቷል። ገመዱ ግን አይታይም።

"ገመዱስ የት ነው?"

"እንግዳ ይመጣል ብዬ ምንጣፉ ስር አስገባሁት። ቤቱ ተዝረክርኮ ልቀበላችሁ?"

ለካስ ስልኩን የዘጉት ቤት ሊያሰናዱልን ኖሯል። ለእኛ ብለው!

አባቴ ስፒናውን ነቀለና ምንጣፉን ገለጠ። ጭስ ወጣ። ቀዩ ባረፈበት ቦታ ምንጣፉ ከስር መዳፍ በሚያህል ስፋት ከስሏል። እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"ባለፈው አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ይሄን ገመድ ይጣሉት ብሎኝ ነበር" አሉ። "አባረርኩት። የሃሩንን ቀይ እያየ እንዴት ይጣሉት ይለኛል ብዬ።"

ይኼኔ አባቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። "የእኔ ጥፋት ነው እማማ። አውቄ አይደለም፤ ግን የእኔ ነው።" እጄን ስቦ መዳፌን አሳያቸው። ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት። ሊቆጡት ነው ብዬ ፈራሁ።

"ታዲያ ልትወስደው መጣህ አይደል?" አሉት።

አዲሱን ገመድ ገጠመ። እማማ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩትና ቅር አላቸው። "ቀዩስ?"

"ቀይ የለም እማማ። የተላጠ ገመድ ከእንግዲህ መቀየር እንጂ መጠቅለል የለም። ምንጣፍ ስርም አይግባ፤ እኔም እንግዳ ሆኜ ብመጣ።"

"የአንተ እጅ መሆኑን ታዲያ በምን ልወቅ?"

እማማ ምርኩዛቸውን አቀበሉት። "በል እዚህ ላይ አድርግልኝ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳስቀምጠው ከሰው ምርኩዝ ጋር ይቀላቀልብኛል። እሱ እንደሆን ኮረንቲ የለበት።"

አባቴ ከኪሱ የቀረችውን ቀይ ናስትሮ አወጣና እጀታው ስር ሦስት ዙር ጠቀለለላቸው። ሲጨርስ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ይሞቅ እንደሆነ በመዳፉ ዳሰሰው።