እናቴ ያለበሰቻት ሐውልት

ሰሞኑን መንገድ ዳር፣ ዛፎቹ ሥር፣ ቅርጻ ቅርጾች ተደርድረዋል። ልጄ "እማዬ፣ ሄደን እንይ እንጂ" ትለኛለች። እኔ ጉልበቴን ነው፣ ፀሐዩ ነው እያልኩ ሰበብ አበዛለሁ። ጉልበቴስ ደህና ነው። ሐውልት ባየሁ ቁጥር መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያልኩበት ቀን ይመጣብኛል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ክፍል የምንጋራው ጓደኛዬ ሰላም ቅርጽ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን "ፊትሽን አውሺኝ" አለችኝ። ሹራቤን እንደለበስኩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩላት። እሷ ጭቃዋን ስትደበድብ እኔን እንቅልፍ ያዳፋኛል። ከአንገት በታች ምን እንደምትሠራ አልጠየቅኳትም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሥራዎቹ ደጅ ወጥተው ለሕዝብ ታዩ። እናቴን ጎትቼ የወሰድኳት እኔው ነኝ፤ ፊቴን ታዪዋለሽ ብዬ። አባቴ ከሞተ ወዲህ በርበሬ ቸርችራ የምታስተምረኝ እሷ ነበረች። መንገድ ላይ በለስ ገዝታ እያስላጠች አበላችኝ። ደስ ብሏት ነበር።

ደረስን። የሰላም ሥራ መሐል ላይ ቆማለች፤ ከጭቃው ቅርጽ የተቀዳች የሲሚንቶ ሴት። ፊቷ ቁርጥ እኔን። ከአንገቷ በታች ደግሞ እንደ ተወለደች እርቃኗን ናት። ወጣቶች ከበዋት ስልካቸውን ደግነዋል። አንዱ እኔን ያያል፣ እሷን ያያል፣ ጓደኛውን በክርኑ ይጎሽማል። በቃ፣ ትምህርቴ አበቃ አልኩ። እናቴ ዛሬውኑ ፍራሼን አሸክማ ቤት ትመልሰኛለች።

እናቴ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ሐውልቷን ከአንገት እስከ ጉልበት ጠቀለለቻትና ጫፉን ቋጠረችው። ጥበቃው፣ በትግርኛ "እናቴ" እያላት፣ እየሮጠ መጣ።

"አደይ፣ መንካት ክልክል ነው።"

"እናቷ ነኝ" አለችው።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። የሳቀም ነበር።

ነጠላዋን እዚያው ትታ ስትሄድ፣ አስፋልቱ እስክንደርስ አንገቴን ደፍቼ ተከተልኳት። ከዚያ ለቅሶዬ መጣ። "ፊቱ ብቻ ነው የኔ። ገላው የኔ አይደለም፣ በማርያም።"

"ጠፍቶኝ ነው፣ ጓለይ?" አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። "እያጠብኩ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ሰዉ ግን አላጠበሽም፤ በምን ያውቃል?"

ጥቂት ሄደን "ነገ ትምህርት አለሽ፤ በጊዜ ግቢ" አለችኝ። ትምህርቴ እንዳልተቋረጠ ያኔ ገባኝ።

እናቴ ቤተ ክርስቲያን በር ደርሳ ሳትሳለም አታልፍም። ያን ቀን ግን ወደ በሩ አልቀረበችም። ከመንገዱ ማዶ ቆማ፣ ባዶ ራሷን በመዳፏ ሸፍና፣ ጎንበስ አለች። እኔ ለራሴ ሳለቅስ ልብም አላልኳት።

እሷ ካረፈች ቆየች። ለብዙ ዘመን ያን ቀን ሰው ፊት ያዋረደችኝ ይመስለኝ ነበር። ትናንት ልጄ "ግን ምንድን ነው የሚያሳፍርሽ?" ብላ ስታፋጥጠኝ ልነግራት ጀመርኩ። ስለ ሐውልቷም፣ ስለ ወጣቶቹም፣ ሳቅ እያልኩ ነገርኳት። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስደርስ ሳቄን ትቼ አንገቴን ዳሰስኩ።

ያን ቀን አንገቴ ላይ ስካርፍ ነበረ። አውልቄ ለእናቴ ልሰጣት እንኳ አላሰብኩም።