ረቡዕ ቀን ያልቀመስኩት እንቁላል

ይህ የሆነው አምና በጥቅምት፣ ጣሊያን ገና ደብረ ማርቆስ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ያን ሁሉ መከራ ባየንበት ዘመን የእንቁላል ወሬ ይዤ መምጣቴ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ግን ሥራ ይዤ ሳለሁ ድንገት ትዝ እያለ አንገቴን የሚያስደፋኝ ይኸው ነገር ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን መጻፍ ችያለሁ፤ መቻል ብቻ ሳይሆን ብዕር ስይዝ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ሳልደብቅ ልጻፈው።

አባቴ ለአርበኞች እህል አቀብለዋል ተብለው ታስረው ነበር። ቤታችን ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እቤት የቀረነው እናቴና እኔ ብቻ ስለሆንን፣ እሷ ማሳውን ከዝንጀሮ ትጠብቃለች፣ እኔ ስንቅ አመላልሳለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አገልግሌን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። የጥቅምት ጤዛ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ያረጥበዋል። እስር ቤቱ በር ስደርስ ሰልፉ ቀድሞኝ ይጠብቀኛል። ፀሐይ አናቴ ላይ ስትወጣ ተራዬ ይደርስና አገልግሉን አስረክቤ፣ ባዶውን ተቀብዬ እመለሳለሁ። ማግስቱን ሙሉ እግሬን ያመኛል። ሊሻለው ሲል ደግሞ ሌላው ቀን ይደርሳል። ቆሜ መተኛት የለመድኩት ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ላይ አባዬ ታመሙ። ደረታቸውን ይዟቸው ያስላቸዋል፣ ሰውነታቸውም ከስቷል ተባለ። የንስሐ አባታችን ለታመመ ሰው ጾም የለበትም ብለው ስለፈቀዱላቸው፣ በጾም ቀንም ቢሆን እንቁላል መውሰድ ጀመርኩ። ስድስት ስድስት እየቀቀልኩ ነበር የምወስደው።

ግን ስድስቱ አይደርሷቸውም። በሩ ላይ የቆመው ጣሊያን ወታደር፣ ወረቀት ተደብቆበት እንዳይሆን እያለ እንቁላሉን ሁሉ በቢላዋው ይሰነጥቀዋል። አስኳሉ እየተፈረፈረ መሬት ይወድቃል። ከዚያ ደህና የሆኑትን ሁለቱን ሦስቱን መርጦ ወደ አፉ ይልካል። ዐይኔ እያየ ነው የሚበላው። እየበላም ይስቅልኛል። ጺሙ ላይ የቀረውን አስኳል እያየሁ ባዶውን አገልግል እጠብቃለሁ።

አንድ ማክሰኞ እንቁላል ስልጥ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ራሴ ሰንጥቄ ብወስደው ቢላዋው ምን ይሠራል? የእናቴን ፈትል በጥሼ እንቁላሉን በክር መሐል ለመሐል ቆረጥኩት፤ እንደ ምላጭ ለሁለት ከፈለው። አስኳሉን በጭልፋ ጫፍ አወጣሁና ቁጭ ብዬ አየሁት። ያኔ ሌላው ሐሳብ መጣ።

እናቴ የበጠበጠችው አዋዜ በትንሽ ማሰሮ ነበረን። በርበሬው ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከጤና አዳምና ከበሶብላ ጋር ተወቅጦ፣ በጠላ ተለውሶ፣ አፉ ታስሮ ከሁለት ሳምንት በላይ ተብላልቷል። ክዳኑን ስከፍተው ኮምጣጣው ሽታ ገና ከሩቅ አስነጠሰኝ። አስኳሉን በአዋዜ አሸሁት። በቂ አልመስል ሲለኝ ጨመርኩ። ሚጥሚጣም ነሰነስኩበት። ከዚያ በየነጩ ጎድጓዳ ሞልቼ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ አገልግሉ ውስጥ ደረደርኩት። ሲያዩት ያምራል! ዐሥራ ሁለት ቀያይ ዐይን ይመስላል።

አባዬ የሚያቃጥል ነገር ይወዳሉ። ጣሊያኑ ግን አንዱን ቢቀምስ ሁለተኛ እጁን አይዘረጋም ብዬ ነው ያሰላሁት። ሥራው ሲያልቅ መሽቶ፣ ለነገው ረቡዕ ጾሙ ገብቶ ስለነበር እኔ አልቀመስኩትም። ጨው ይኑረው አይኑረው፣ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ሳላውቅ ነው ይዤው የሄድኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። አባዬ ሲታሰሩ ለማርያም ተስዬ ነበር። እስኪወጡ ድረስ ሮብና ዓርብን አንዲት ቀን ሳልሽር እጾማለሁ ብያለሁ። ከሻርኩ አይወጡም ብዬ ከልቤ አምኛለሁ። ይህን ከእናቴ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ተራዬ ደረሰ። ወታደሩ የኮባውን ቅጠል ገለጥ አደረገና አፉን ከፈተ። ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ነገረው። አስተርጓሚው ከተማ ያደገ ቀልደኛ ሰው ነው።

«እንዲህ ያለ ባለሙያ ጎጃም ውስጥ አለ ወይ እያለ ነው» አለኝ። «ታጭተሻል ልበለው?»

መልስ ሳልሰጠው ወታደሩ አንዱን ግማሽ እንዳለ ዋጠው።

ለትንሽ ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ዐይኖቹ ፈጠጡ፣ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጠመንጃውን ግድግዳው ሥር ጥሎ ጉሮሮውን ያዘ። እያሳለ ወደ ውሃው ጋን ሮጠ፤ ጠጣ፣ ውሃው ባሰበት፣ እንደገና ጠጣ። ከሰልፉ መሐል አንዲት ሴት ክትክት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። በዚያ በር ላይ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔም፣ አልዋሽም፣ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቅሁ።

ሳቁ ገደለኝ። ወታደሩ ሲመለስ ዐይኑ እንባ አቅርሯል፣ ሳቂውን ሁሉ አንድ ባንድ ያያል። «ቬሌኖ!» ብሎ ጮኸ።

አስተርጓሚው ቀልዱ ጠፋበት። «መርዝ ነው እያለ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ኧረ አዋዜ ነው! በማርያም፣ አዋዜ ነው!»

ወታደሩ አገልግሉን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «ማንጃ!» አለ። ይህንን እንኳ ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ። ብዪ ማለቱ ነው።

ረቡዕ ነው። ብበላ ስለቴ ፈረሰ፣ አባዬ አይወጡም። ባልበላ ደግሞ መርዝ ነው፤ አባዬ አሁኑኑ ያልቅላቸዋል። እንቁላሉን እያየሁ ደረቅሁ። እኔ በቆየሁ ቁጥር ወታደሩ እርግጠኛ እየሆነ ሲሄድ ፊቱ ላይ አያለሁ።

«ብዪ እንጂ አንቺ ልጅ!» አለኝ አስተርጓሚው በጥርሱ መሐል።

«ሮብ ነው» አልኩት።

ዘወር ብሎ ለወታደሩ ስለ ጾሙ ነገረው መሰለኝ። ወታደሩ አልሰማም። አንዱን ግማሽ አንስቶ ከኋላዬ ለነበሩት አሮጊት ዘረጋላቸው። አሮጊቷ አማተቡና አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ቀጥሎ ለቆመው ሽማግሌ ዘረጋ፤ ሽማግሌውም «ሮብን? እኔ?» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሦስተኛዋም ራሷን ነቀነቀች። ከሰልፉ መሐል አንድ ሰው «ብዪው ልጄ፣ እግዜር ያያል!» ይላል፤ ሌላው «ዝም በል፣ አንተ አትበላላት!» ይለዋል። አሁን እንግዲህ ለወታደሩ ነገሩ ተጣራለት። ይህ ሁሉ ሰው የሚሸሸው ምግብ መርዝ ካልሆነ ምንድን ነው? አስተርጓሚውን እንኳ ብላ ቢለው እሱም ክርስቲያን ነው፤ መሬት መሬት ያያል።

ወታደሩ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ወደ ውስጥ ሊወስደኝ ነው። በቃ፣ ልብላው ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ያኔ ከሰልፉ ጫፍ አንዲት ሴት ወጣች። ጥቁር ሻሽ ጠምጥማለች፣ ቀጭን ረጅም ናት። ባሏ ነጋዴ ነው፣ ከአባዬ ጋር ታስሯል። ለሳምንታት እዚያው ሰልፍ ላይ ስንቆም ከሰላምታ በቀር አውርተን አናውቅም። እስላም መሆኗን ግን አውቃለሁ።

«ሂጂ ወዲያ አንቺ» ብላ እጄን መታችው። «ለኔ ሮብ ማለት እንደ ማክሰኞ ነው።»

አንዱን ግማሽ አንስታ ጎረሰች። ሁላችንም አፍ አፏን እናያለን። ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠች። ሁለተኛውን አነሳች። ሦስተኛውንም። ዐይኗ እንኳ አላነባም። ጣቷን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ አስተርጓሚውን፦

«ጨው ይጎድለዋል በለው» አለችው።

አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም። ሰልፉ ግን እንደገና ሊስቅ ሲል ራሱን ያዘ። ወታደሩ ቆሞ ሴትዮዋን ጠበቃት፤ እስክትወድቅ ነው መሰለኝ። እሷም ወገቧን ይዛ ጠበቀችው። ጥቂት ቆየና ክንዴን ለቀቀኝ፤ አገልግሉን በእግሩ ወደ በሩ ገፋው። ስምንት ግማሽ እንቁላል ለአባዬ ገባላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቁላሌን ነክቶት አያውቅም።

ነገሩ ካለፈ በኋላ ላመሰግናት ሴትዮዋ ዘንድ ሄድኩ። ለመንገዴ የያዝኩት ውሃ በቅል ነበር፣ እሱን ዘረጋሁላት። እንዴት እንደሚያቃጥላት መቼም አውቃለሁ። ቅሉን ተቀበለችኝ፣ አንዴ አፏን ሞላች፣ ተጉመጠመጠችና ተፋችው። ጠብታ እንኳ አልዋጠችም። ቅሉን መልሳ «ጎሽ» አለችኝና ወደ ቦታዋ ሄደች።

ተናደድኩ። እንዲህ መጻፉ ያሳፍራል፣ ግን ተናደድኩ። የክርስቲያን ውሃ ተጸይፋ ነው አልኩ። የሁለት ሰዓቱን መንገድ ስብሰለሰል ሄድኩ። ለእናቴ ሁሉንም ስነግራት ስለ እንቁላሉ አለቀሰች፣ ስለ ውሃው ግን፦

«አንቺስ በሷ ቅል ትጠጪ ነበር?» አለችኝ።

ኩርፊያዬ ግን አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲያ ሰልፍ ላይ ስንገናኝ ፊቴን አዞርባት ጀመር። ሰላም ስትለኝ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። ሕይወቴን ላዳነችልኝ ሴት! ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነን ቆየንና መምጣቷን ተወች። ባሏን ወደ ሌላ ቦታ ወስደውታል ተባለ።

በሚያዝያ ጣሊያን ሲወጣ አባዬ ወጡ። ክስት ብለው፣ በዱላ እየተደገፉ፣ ግን በእግራቸው መጡ። አንድ ቀን ደጅ ፀሐይ እየሞቁ «ያቺ የሰዒድ ሚስት፣ ዘሃራ፣ ደህና ናት?» አሉኝ። ስሟን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ምን አውቃለሁ» አልኩ። የቅሉንም ነገር ነገርኳቸው።

አባዬ ዱላቸውን አጋደሙ። «ረመዳን ነበር እኮ» አሉ።

አልገባኝም። እኛ ገጠር ነው የምንኖረው፣ የእስላሞቹን ጾም መቼ እንደሚገባ አላውቅም።

«ሰዒድ ነው የነገረኝ። በማግስቱ መጥታ በሩ ላይ ስታነጋግረው፣ የአንድ ቀን ጾም አለብኝ፣ ረመዳን ሲወጣ እከፍለዋለሁ አለችው። ለምን ቢላት፣ ያቺ ልጅ ልትሞት ነበር አለችው። ሦስቱን ጉርሻ ከዋጠች በኋላ እስከ ማታ ውሃ አልቀመሰችም። ጾሟ ቢፈርስም የቀረውን ቀን ማክበሯ ነው።»

ያ ሁሉ አዋዜ ሆዷ ውስጥ እየነደደ ጀምበር እስክትጠልቅ! እኔ እንኳ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾሜን ፈትቼ መንገድ ላይ ያንኑ ውሃ ጠጥቻለሁ።

«እኔ ልጹምላት» አልኳቸው አባዬን። ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

«እሷ ከፍላዋለች» አሉኝ። «ያዞርሽባትን ፊት ነው ዕዳሽ።»

ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ከተማ ሄደን ቤቷን አጠያየቅን። ገበያው አጠገብ ነው። ተዘግቷል። ጎረቤቶቿ ባሏ ሲፈታ ሱቃቸውን ይዘው ወደ ደምበጫ ሄደዋል አሉን። ደምበጫ ለኛ ሩቅ ነው፣ አባዬም ገና አልበረቱም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ የደምበጫ ሰዎች፣ ዘሃራ የምትባል ቀጭን ረጅም የነጋዴ ሚስት ካወቃችሁ፣ አንብቡላት። እኔ እስክመጣ ነው።

አሁን ሳስበው ግን ከእንቁላሉም ከውሃውም ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላ ነው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት ቆሜ ስተኛ፣ ሰልፉ ወደ ፊት ሲንቀሳቀስ ማንም አይቀሰቅሰኝም ነበር። ተራዬ ግን አልፎኝ አያውቅም። ስነቃ አገልግሌ ከሰልፉ ጋር ወደ ፊት ሄዶ ተራዬን ይዞልኝ አገኘዋለሁ፤ እሷ በእግሯ ከራሷ አገልግል ጋር እየገፋች ታስጠጋልኝ ነበር። አንድ ቀን በዐይኔ ጠርዝ አይቻት፣ ያላየሁ መስዬ እንደገና ዐይኔን ጨፈንኩ።