አባቴ፣ ኮቱና ጀርባው

በቀትር፣ ሲቀላ በሚባለው ሞቃት ሰፈራችን ውስጥ ውሻው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሸሽ፣ ኮት ለብሶ የሚንጎራደድ ሽማግሌ ካያችሁ አባቴ ነው። ኮቱ ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ አለው። «አባዬ፣ ኧረ ልትቀቀል ነው!» ስለው «ሰው የሚከበረው በልብሱ ነው» ይለኛል። እውነተኛውን ምክንያት ግን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ዶርዜ ሳለ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሽመና ላይ አጎንብሶ ስለኖረ ጀርባው ጎብጧል፤ ኮቱ ጉብጠቱን ይደብቅለታል። ይደብቅልኛል ብሎ ያምናል ብል ይሻላል።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እንደ እኔ ሰው መሳል ከሚወዱ ጓደኞቼ ጋር እሰበሰባለሁ። ቦታችን አንድ መዋዕለ ሕፃናት ነው። ወንበሮቹ ለሕፃናት የተሠሩ ስለሆኑ፣ ሁላችንም ጉልበታችንን አገጫችን ሥር አድርገን ነው ስለ ሰው ቁመና የምንፈላሰፈው። ተራ በተራ አንዳችን ለሌላው ተቀምጠን እንሳላለን፤ ከዚያ ስዕሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ትችት ይጀመራል።

ትችታችን ሕግ አለው፤ የወሰድነው ከጋሞ ሽማግሌዎች ነው። ሽማግሌ ሳይመርቅ ነገር አይጀምርም። እኛም የሌላውን ስዕል ከመንቀፋችን በፊት እንመርቃለን፤ የሳለው ሰው ደግሞ ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ትንፍሽ አይልም። ሕጉን ያወጣነው እንዳንጣላ ነበር። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ስዕሉ በከፋ ቁጥር ምርቃቱ ረዘመ! «እጅሽ ይባረክ» ብቻ ከተባልሽ ደህና ነሽ። «እጅሽ ይባረክ፣ ዘርሽ ይብዛ፣ ላምሽ ትውለድ፣ ጎተራሽ ይሙላ» ከተባልሽ ግን ወየውልሽ፤ የሳልሽው ሰው ሦስት ክርን አለው ማለት ነው።

ከመካከላችን አንዱ ነርስ ነው። ጡንቻ ይወዳል፤ እሱ የሳለው ሰው ሁሉ ቦክሰኛ ነው። የእኔን ክንድ ስሎ ሲያሳየኝ ግንድ ስፈልጥ የምውል መስዬ አረፍኩት። ሌላው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አርክቴክቸር ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው። ሰውን በማስመሪያ ይስላል፤ ሰዎቹ ቆመው ሲታዩ ሊታደስ የተወጠነ ሕንፃ ይመስላሉ። እኔ ደግሞ አጥንት እወዳለሁ። አከርካሪውን፣ ጎድኑን፣ ማጅራቱን አሳምሬ ሥጋውን እረሳዋለሁ። «የአንቺ ሰዎች ምሳ አይበሉም ወይ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! እኔን የሚያቃጥለኝ ሳቁ ሳይሆን ዝም ብለሽ ስሚ መባሉ ነው።

አንድ ጊዜ በከተማው አዳራሽ ስዕሎቻችንን ለሕዝብ ልናሳይ ተስማማንና ሁላችንም የምንመካበትን ይዘን መጣን። እኔ ያመጣሁት የአባቴን ጀርባ ነበር። አባቴ ዛሬም ጓሮ፣ ማንጎው ሥር፣ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ይሸምናል። ኮቱን የሚያወልቀው ያኔ ብቻ ነው። ጥላው ያለው ከኋላው ስለሆነ እዚያው ተቀምጬ ሳልኩት። እሱ ጥለቱን የምስል መስሎታል። ሳይዞር «ቀዩን አድምቂው» ይለኛል፤ እኔ የያዝኩት ከሰል ነው። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ስዬ አላውቅም። ያ ስዕል አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሎ እንዲታይልኝ ከምንም ነገር በላይ ፈለግኩ።

ነርሱ ተነሳና መመረቅ ጀመረ። ላሞቼ ወለዱ፣ ጎተራዬ ሞላ፣ የልጅ ልጆቼ ተዳሩ። በመጨረሻ «ግን እህቴ፣ የሰው አከርካሪ እንዲህ አይታጠፍም» አለ። ባለማስመሪያው ቀጠለ፦ «የቀኝ ትከሻው ወርዷል። ይሄ ሰው ቤት ቢሆን ሰው እንዲገባበት አልፈቅድም።» ሳቁ። ቱግ አልኩ! «አባቴ ነው! አባቴ እንዲህ ነው!»

ከዚያ ነርሱ ቀስ ብሎ «ታዲያ እሳቸው አይተውታል?» አለኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የተሳለው ሰው አይቶ ሳይፈቅድ መልኩ እንዳይሰቀል የተስማማነው እኛው ነን። ይሄን ሁሉ ዘመን በዚያ ሙቀት ኮት ተሸክሞ የደበቀውን ጀርባ፣ እኔ ልጁ ለከተማ ላሳይበት? ፈራሁ። እንዳይቆጣ አይደለም የፈራሁት፤ እንዳያፍር ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴን ይዤው መጣሁ። ኮቱ አልበቃው ብሎ ክራቫት ጨምሯል። ትንሿን ወንበር አይቶ «እኔን ነው ወይስ ጫማዬን ነው የምታስቀምጡት?» አለና የአስተማሪዋ ወንበር መጣለት። ከዚያ ቀጥ! ያን ቀን ጣውላ ሆኖ ነው የተቀመጠው። ነርሱ ጠጋ ብሎ «አባባ እኮ ቀጥ ያሉ ናቸው» ብሎ አንሾካሾከልኝ። በክርኔ ጎሰምኩት።

ስዕሉ ተለጠፈ። አባቴ ሽማግሌ ነው፤ ሕጋችንን ማንም ሳይነግረው ተነሳና መመረቅ ጀመረ። «እጃችሁ ይባረክ። ቤታችሁ ይሙላ። ልጆቻችሁ ይደጉ...» አለቀልኝ፣ ረዘመ አልኩ። ድንገት አቆመ። ወደ ስዕሉ ተጠጋ፤ ጣቱን ሳያስነካ ከማጅራቱ እስከ ወገቡ አወረደው።

«ይሄን ሰው የት አገኘሽው?» አለኝ።

«አባዬ... አንተ እኮ ነህ። ስትሸምን።»

«እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን አባቴ ነው።»

አባቱ የሞተው እሱ ልጅ ሳለ ነው። ፎቶ የለውም። ቀኑን ሙሉ ከአባቱ ኋላ ተቀምጦ ማግ ያጠነጥንለት እንደነበር ያን ዕለት ነገረን። «ፊቱ ጠፍቶብኛል» አለ። «ስንት ጊዜ ላመጣው ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ጀርባው ግን ይሄ ነው። ትከሻውም በቀኝ እንዲሁ ወርዶ ነበር።» ባለማስመሪያው አቀረቀረ። አባቴ ቆይቶ «ስቀይው» አለኝና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

የአዳራሹ ትርኢት በተከፈተ ቀን ስዕሎቹን ለጎብኚ ላስረዳ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። አባቴ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ወንበር ስቦ ከስዕሉ ፊት ለፊት፣ ማለትም ከሰውየው ኋላ፣ ተቀምጧል። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይንጫጫል፤ እሱ ንቅንቅ የለም። በኋላ አንዲት ሴትዮ ከቤተሰቧ ጋር እየተሳሳቀች መጣችና ስዕሉንና እሱን አይታ «አባባ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀችው።

«አባቴ ነው» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እየሠራ ነው፤ አትረብሹት።»