ከምሽጉ ያወጣኋት አሻንጉሊት

በደብረ ብርሃኑ ቤታችን፣ ከአልጋው ሥር፣ አንድ የጣውላ ሳጥን ነበረኝ። ባሌ ሲጠራኝ ዝም ካልኩ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚፈልገኝ። ሳጥኑ ውስጥ የልጅነቴ መጫወቻዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው፣ አንዳንዶቹ ምትካቸው። ወንዝ ያለሰለሳቸው የቅልብልቦሽ ጠጠሮች፣ አውራ ጣት የምታክል የሸክላ ምንቸት፣ ከብት ናቸው የምንላቸው የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንቶች፣ አንድ እግር የሌላት የጨርቅ ሙሽራ። ቤት ያቆምኩ፣ ሻሽ የማስር ሴት ነበርኩ፤ ቢሆንም አላፈርኩበትም። አንኮበር የሚሄድ ነጋዴ ባገኘሁ ቁጥር አደራ እያልኩ፣ አብሮ አደጎቼን እየለመንኩ፣ አንዳንዱንም ገበያ ውስጥ ከልጆች እጅ በከረሜላ እየለወጥኩ ነው ያጠራቀምኳቸው።

ባሌ መንገድ ሠራተኛ ነበር። ከደብረ ሲና በላይ ባለው ዳገት ድንጋዩን በድማሚት ከሚያፈርሱት አንዱ ስለነበር፣ ቅዳሜ ወደ ቤት ሲመጣ ቅንድቡ ወፍጮ ቤት እንደዋለ ሰው ነጭ ነው። "ልጆችሽ ደህና ሰነበቱ?" ይለኛል ሳጥኑን በእግሩ ነካ አድርጎ። እኛ ገና አልወለድንም ነበር። ቀልዱ ይወጋኛል፤ እሱም እንደወጋኝ ሲገባው ከኪሱ ብርቱካን አውጥቶ ይልጥልኛል።

አንዲቷ ግን ሳጥኑ ውስጥ አልነበረችም። ሌሎቹን ሁሉ የሰበሰብኳቸው እሷን ስላጣሁ ይመስለኛል። ዛሬ ስለ እሷ ስጽፍ ጀርባዬን ይቀዘቅዘኛል፤ ያኔ ግን እሷን ባሰብኩ ቁጥር የሚሰማኝ ናፍቆት ብቻ ነበር።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው አንኮበር፣ ከገደሉ አፋፍ ብዙም በማይርቅ ቤት ነበር። ከቤታችን በላይ፣ ከማሳው ጥግ፣ በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረ ምሽግ አለ። ዝናብ ጠርዙን ባጠበው ቁጥር አንድ ነገር ይወጣል፤ ዛሬ የጥይት ቀለህ፣ ነገ የዛገ ጣሳ፣ ሌላ ቀን የጫማ ሶል። ረጃጅሞቹ ቀለሆች በሬዎቻችን፣ አጫጭሮቹ ጥጆቻችን ነበሩ። አፋቸውን ስንነፋው ያፏጫሉ። ትልልቆቹ እዚያ መዋላችንን ያያሉ፣ ግን ማንም ተዉ አላለንም። ጣሊያን ከሄደ ቆይቷል፤ ጥሎት የሄደውም አብሮ የሞተ ይመስላቸው ነበር።

አንድ ክረምት ሲወጣ የምሽጉ ግድግዳ ተናደና ቀያይ ነገሮች ከአፈሩ ብቅ ብቅ አሉ። እንቁላል የመሰሉ፣ ከጭብጤ ተለቅ ያሉ ብረቶች ነበሩ። አብዛኞቹን ዝገት በልቷቸዋል። ከመካከላቸው በጣም የቀላችዋን መረጥኩና በቀሚሴ ጠቅልዬ ይዣት ወረድኩ።

አናቷ ላይ ቀጭን የቆርቆሮ ምላስ ነበራት። እሱ ላይ ጥቁር የሱፍ ክር አሰርኩላትና ፀጉር ሆናት፤ በየጠዋቱ እየፈታሁ እጎነጉናታለሁ፤ ሹሩባው እንዲጠብቅ ሳብ ሳብ እያደረግሁ። ገላዋን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ በከሰል ዐይንና አፍ ሣልኩላት። ስነቀንቃት ከሆዷ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ልቧ ነው አልኩ። የሌሎቹ ልጆች አሻንጉሊት ከላይ እስከ ታች ጨርቅ ነው፤ ልብ ያላት የኔ ብቻ ነበረች። በዚህ ምን ያህል እንደምኮራ ልነግራችሁ አልችልም።

በነጠላ አዝዬያት ውሃ እወርዳለሁ፣ እንጨት እለቅማለሁ፣ ማታ አቅፌያት እተኛለሁ። እናቴ የምታየው ጨርቁን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሥራ አዝዛኝ ስለዘገየሁባት ተናደደችና ከጀርባዬ መንጭቃ ወደ ምድጃው ወረወረቻት። አመዱ ላይ ወደቀች። እሳቱ እዚያው አጠገቧ ይንቀለቀላል፤ የቀሚሷ ጫፍ መጥቆር ጀምሯል። እጄን ሰድጄ አወጣኋት፤ ጣቶቼን ፈጀኝ። እናቴ እጄን ቅቤ እየቀባች "ለጨርቅ ብለሽ ልትቃጠዪ ነበር፣ አንቺ ቂል!" አለችኝ። ያቺ ቤት በዚያ ቀን በምን እንደተረፈች የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት በበጋ፣ ከምሽጉ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። ወፎቹ ሁሉ ተነሡ። ከብት ይጠብቅ የነበረ የጎረቤታችን ልጅ ሞቶ በቃሬዛ መጣ። መብረቅ ነው ተባለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ነበር፤ ለዚያም መልስ ተገኘለት። ልጁ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን እንጨት ሰብሮ ነበርና ቁጣ ነው አሉ። አባቴ የደብሩ ደብተራ ስለነበር እሱም እንደዚያው አለ፤ ክፉ አስቦ ሳይሆን ሌላ የሚለው ስላጣ። የልጁ እናት ከዚያ ወዲያ ከደጀ ሰላሙ አልፋ ገብታ አታውቅም። እኔ በዚያ ቀን የማስታውሰው አሻንጉሊቴን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ "አይዞሽ፣ አትደንግጪ፣ አልፏል" እያልኩ ማባበሌን ነው።

አባቴ ሲሞት እናቴ ወደ ደብረ ብርሃን ወንድሟ ዘንድ ይዛኝ ሄደች። የነበረን አንድ የተከራየነው በቅሎ ነው። "ጨርቅማ አልጭንም" አለች። አልቅሼ አልሆነልኝም። ከጎታው ጀርባ ግድግዳው ላይ ሽንቁር ነበር፤ እዚያ አስተኛኋትና አፉን በጭቃ ደፈንኩት። እመለሳለሁ ብያት ነበር። ቤቱ ለእናቴ ታናሽ እህት፣ ለአክስቴ፣ ተረፈ።

እንግዲህ ሳጥኔ ሲሞላ፣ አንኮበር ለሚመላለስ አንድ የጨው ነጋዴ ለአክስቴ መልእክት ሰጠሁት። ከጎታው ጀርባ ያለውን ሽንቁር ክፈቺልኝ፣ አሻንጉሊቴ እዚያ ናት አልኩ። አክስቴ በእርጅናዋ ዋዜማ የወለደቻት አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻት፤ ሌላ የላትም።

የነጋዴው መልስ የመጣ ቀን ባሌ ጉንፋን ይዞት እቤት ነበር። እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ተቀምጧል። ነጋዴው በር ላይ ቆሞ ሳቀ። "አደራሽ ተገኝቷል። ለበዓሉ ይዘንላት እንመጣለን ብለዋል አክስትሽ። እስከዚያው ግን ትንሿ አዝላት ነው የምትውለው፤ ማታም አቅፋት ነው የምትተኛው፤ ቢለምኗት አትሰጥም።"

ነጋዴውን ሸኝቼ ስመለስ ፊቴ በርቶ ነበር መሰለኝ፣ ባሌ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ስለ እሷ በደንብ ነግሬው አላውቅም፤ እንዳይስቅብኝ። ያን ዕለት ነገርኩት።

"ከብረት?" አለ። "ቀይ?"

"እንደ በርበሬ።"

"አናቷ ላይ እንደ ምላስ ያለ ነገር አላት?"

"ፀጉሯን ያሰርኩበት ነዋ!" አልኩት ደስ ብሎኝ። የሚያውቃት መስሎኝ ነበር።

"ስበሽው ታውቂያለሽ?"

"በሠራኋት ቁጥር።"

እግሩን ከውሃው አወጣ። አላደረቀውም፤ ዝም ብሎ ጫማው ውስጥ ከተተው። "መንገድ ስንቆፍር እናገኛቸዋለን" አለኝ በቀስታ። "የጣሊያን የእጅ ቦምብ ነው። እኛ አንነካውም፤ ሰው አርቀን ባለበት እናፈነዳዋለን። በምን እንደሚቆጣ አይታወቅም።"

እንደ እውነቱ ከሆነ መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አይደለም፤ ንዴት ነው። ልጄን የሰደበብኝ መሰለኝ። ከዚያ ያ የጎረቤታችን ልጅ ትዝ አለኝ፤ ሰማዩም፤ ፀሐዩም። ከዚያ ደግሞ የአክስቴ ልጅ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት እህል ሊጭን የሚሄድ መኪና አገኘን። የካቲት ነበር፣ ውርጩ ሣሩን አድርቆታል። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በዘለለ ቁጥር ያቺን ትንሽ ልጅ ስትዘል አያታለሁ። እንቅልፍ ወስዷት ስትገላበጥ አያታለሁ። ፀጉሯን ስትጎነጉንላት አያታለሁ። ሾፌሩ ጨዋታ ወዳድ ነበር፤ የሚለውን አንዱንም አልሰማሁት። ባሌ እያሳለ ጋቢውን ተከናንቦ መንገዱን ብቻ ይመለከታል። ከገደሉ ሥር ጉሙ እየተንሳፈፈ ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ መኪናው ድው ሲል ጮኼ የባሌን ክንድ ጨበጥኩት፤ ጭስ ማውጫው ነበር።

ከመኪናው ወርደን በእግር ቁልቁል ሄድን። ቤቱ ቆሟል። ያን ሳይ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። አክስቴ በር ላይ ገብስ ትሸከሽካለች፤ ዘነዘናው በወረደ ቁጥር መሬቱ ይነዝራል። ልጅቷ ከአጠገቧ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ያቺን የኔዋን ጭኗ ላይ አስተኝታ ፀጉሯን ልትሠራላት ክሩን ትፈታለች።

"እንዳትሮጪ" አለኝ ባሌ ከአጥሩ ሳናልፍ። "እንዳትጮኺ። ከደነገጠች ትጥለዋለች።"

እንደ ምንም ፈገግ ብዬ ገባሁ። አክስቴን በዐይኔ ዝም አሰኘኋት፤ ፊቴን አይታ ዘነዘናውን ቀስ ብላ አቆመችው። ከልጅቷ ጎን ተቀመጥኩ።

"ደህና ነሽ? ልጅሽስ ደህና ናት?"

"ደህና አይደለችም፣ እትዬ" አለችኝ እንደ ትልቅ ሴት እየተከዘች። "ሆዷን ያማታል። ስሚያት።" አንስታ ጆሮዬ ላይ ነቀነቀቻት። ጠቅ፣ ጠቅ። ያ ድምፅ አልተለወጠም። ያን ጊዜም እንኳ፣ ሞቴ ጆሮዬ ሥር ሆኖ፣ ናፈቀችኝ። በዚህ እስከ ዛሬ እገረማለሁ።

"ሐኪም ይዤላት መጥቻለሁ" አልኳት። "ያውልሽ፣ በር ላይ የቆመው።"

ባሌን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ጋቢውን፣ አቧራ የለበሰ ጫማውን፣ የቀላ አፍንጫውን። "እሱ ራሱ ታሞ የለ?"

"ሐኪምም ይታመማል።"

ባሌ መጥቶ ተንበረከከና ሁለት እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ብዙ ከአሰበች በኋላ ነጠላዋን አስተካክላ አለበሰቻትና መዳፉ ላይ አስተኛችለት። "ቀስ በልልኝ። ራሷን ስትነካት ታለቅሳለች።"

"አልነካትም" አላት። ተነሣና እርምጃውን እየመጠነ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደ። ልጅቷ ልትከተለው ስትል ወገቧን አቅፌ ያዝኳት። የልቧ ምት እጄ ላይ ይሰማኛል፤ የእሷ የእውነት ነው። አክስቴ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ጸሎት ጀመረች። ባሌ ከዝቅታው ወርዶ ከዐይናችን ተሰወረ። ከዚያ ቆየ። ከዚያም ቆየ። ባል ብዬ አግብቼው እንደዚያ ወድጄው አላውቅም ነበር፤ እንደዚያ ከወደድኩት በኋላ ሊሞትብኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ድምፁ ከገደል ገደል እየተመታ ወደ ቆላ ወረደ። ከጣሪያው ሣር አቧራ ዘነበብን። ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ እቅፌ ውስጥ ተሸጎጠች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዐይኖቿ እንባ አቅርረዋል።

"እትዬ፣ ልጄ ትደነግጣለች። ሂጂና አምጪልኝ።"

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ለራሴ ይሁን፣ ለእሷ፣ ለዚያ በቃሬዛ ለመጣው ልጅ ወይስ ከደጀ ሰላሙ ለቀረችው እናቱ፣ አላውቀውም።

ባሌ ከዝቅታው ብቅ አለ። ቅንድቡ ነጭ ሆኗል። አሻንጉሊቷን ገደል ሲወረውራት ያስቀረውን ነጠላዋን ብቻ በእጁ ይዞ፣ እያሳለ፣ ወደ እኛ ወጣ። ከአጠገቤ ሲደርስ ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስታገኚያት ብቻዋን ነበረች?"

"መርጬ ነው ያነሳኋት" አልኩት።

ሁለታችንም ዳገቱን ቀና ብለን አየን። ምሽጉ የለም። ተደልድሎ፣ ከማሳው ጋር አንድ ሆኖ፣ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ አይለይም። አንድ ሰው ለበልግ ያርስበታል። ፍንዳታውን ሰምቶ በሬዎቹን አቁሟል፤ ሰማዩን ይመለከታል። አንድም ደመና አልነበረም። ሰውየው አማተበ።

ባሌ "አቁም! እንዳታርስ!" እያለ ዳገቱን መሮጥ ጀመረ። ነፋሱ ግን ከላይ ወደ እኛ ነበር የሚነፍሰው፤ ሰውየው አልሰማውም። ጅራፉን አጮኸና ማረሻውን ተጭኖ አዲስ ትልም ጀመረ።