ድንኳን የማይተከልለት ጎረምሳ

ላፍቶ ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው የእድሩ ድንኳን ተካይ ገዳ ነው። ከሥራ መልስ ከልጁ ከሴና ጋር ደም መጣጭ ጎረምሶች የሚፋቀሩበትን ተከታታይ ድራማ ያያል። በመጀመሪያው ሲዝን ዋናው ጎረምሳ ሲሞት ገዳ ፊቱን አዙሮ እንባውን ጠርጎ ነበር። አራተኛው ላይ ግን ተናደደ። ጎረምሳው ሠልስቱ እንኳ ሳይወጣ ተነስቶ መጣ፤ ደግሞ ሞተ፤ ደግሞ መጣ።

«ተበላሽቷል» ሲል ፈረደ። «ለቅሶ የማይደረስለት ሞት ምን ሞት ነው?»

«ታዲያ ለምን ታያለህ አባዬ?» አለችው ሴና።

ይህኔ ጎረምሳው እንደገና ሞተና ሴና ተንሰቀሰቀች።

«ተይው፤ ለእሱስ ድንኳን አልተክልም» አላት ገዳ።

ይህን ሲል ግን ለቅሶ ቤት እንደሚሆነው ሁሉ ኮፍያው ከራሱ ወርዶ ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል።