በጋርዴና አጥር ላይ የለጠፍኩት ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ወዳለው የዓይን ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። መርማሪዋ ወጣት ናት፤ ከፊቴ መስታወት እየቀያየረች፣ «የቱ ይሻላል፣ አንደኛው ነው ሁለተኛው?» ትለኛለች። የችኮላ መልስ አልወድም። ሦስት ጊዜ አስደግሜ «እኩል ናቸው» ስላት ሳቀች። በዚያ ጨለም ባለ ክፍል፣ አገጬን ብረቱ ላይ እንዳስደገፍኩ፣ ጋሽ መኩሪያና የጠመንጃቸው መነጽር ትዝ አሉኝ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። እዚሁ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ካሸር ነበርኩ፤ ከሥራ በኋላ እማራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለው ሳይቀር፣ ያጓጓኝ ነበር። ጋሽ መኩሪያ የቤቱ ሥጋ ቆራጭ ነበሩ። አስተናጋጆቹ ትእዛዝ በወረቀት ሲያቀብሏቸው፣ «ተዉት ወረቀቱን፣ በአፋችሁ ንገሩኝ» ይላሉ። አሥር ትእዛዝ ቢነገራቸው አንዱን አይስቱም።

በወጣትነታቸው አገር ቤት በጦሩ የዒላማ ተኩስ ቡድን ውስጥ ነበሩ። እዚህም ምግብ ቤቱ በሚዘጋበት ሰኞ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ የተኩስ ሜዳ እየሄዱ ወረቀት ሲበሱ ይውላሉ። በዚያ ሰሞን ግን ዓይናቸው ከዳቸው። የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ ሲያዩ ዒላማው ይጠፋል፣ ዒላማውን ሲያዩ ማነጣጠሪያው። የክለቡ ውድድር ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

«ጠመንጃው ላይ የሚገጠም መነጽር፣ ስኮፕ ምረጪልኝ» አሉኝ። «አንቺ እንደሆንሽ ሳታነቢ ውሃም አትጠጪም። ከመቶ ሃምሳ ዶላር ግን እንዳታልፊ። በእሱም ካላየሁ ጠመንጃውን ሸጬ ቁጭ እላለሁ።»

ስለ ጠመንጃ የማውቀው ነገር አልነበረም። ከላይብረሪ ሦስት መጽሐፍ ተውሼ ሳምንቱን ሙሉ አነበብኩ። ብዙ የሚያጎላ ሁሉ ጥሩ አለመሆኑ ገረመኝ፤ መስታወቱ ርካሽ ከሆነ፣ ጭጋጉም የእጅ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል። ዓይን ትንሽ ፈቀቅ ሲል መሐሉ ላይ ያለው መስቀል ከዒላማው መንሸራተት የለበትም። የመስታወቱ ጥራት ግን በዓይን ካልታየ አይታወቅም። ስለዚህ መፈተኛ አዘጋጀሁ። የእኛ ፊደል ለዚህ የተፈጠረ መሰለኝ፤ ከ«ለ» ጎን ወጥታ «ሉ» የምታደርገው ጭረት ካልታየች መስታወቱ አይረባም። ነጭ ወረቀት ላይ ከላይ በትልቁ ጀምሬ፣ እያሳነስኩ፣ ከታች የጉንዳን እግር በሚያህል ጨረስኩ። ኮርቼበትም ነበር።

ሰኞ ረፋድ ላይ ጋርዴና ወዳለ አንድ የጠመንጃ ዕቃ ሱቅ ሄድን። ድራይቭ የማደርገው እኔ ነኝ። ሰኔ ስለነበር ሰማዩ ገና አልገለጠም፤ ዌስት አዳምስ ላይ መንገዱ በጃካራንዳ አበባ ሐምራዊ ሆኗል። ጋሽ መኩሪያ በፎይል የጠቀለሉትን ቋንጣ እየቆረሱ ያቀብሉኛል።

«ባልሽንም እንዲህ በወረቀት ፈትነሽ ነው የምታገቢው?»

«እሱስ ከመቶ ሃምሳ የሚያልፍ አይመስለኝም» አልኳቸው።

ባለሱቁ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ አሜሪካዊ ነበር። ሦስት ስኮፕ አወጣልን፤ አንዱ አዲስ፣ ሃያ አራት እጥፍ የሚያጎላ፤ አንዱ ያገለገለ፣ ቀለሙ የተፋቀ፣ አሥር እጥፍ ብቻ፤ ሦስተኛው ከአቅማችን በላይ የሆነ፣ ለማወዳደሪያ ያህል። ወረቀቴን አርባ ርምጃ በሚርቀው የጓሮ አጥር ላይ ለጠፍኩና፣ ከኋላ በር ላይ ሆነን ስኮፖቹን በየተራ አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈን ማየት ጀመርን።

በአዲሱ ሳይ ትንንሾቹ ፊደላት ሟሙ። በተፋቀው እስከ ታች አነበብኩ። የሚተኩሱት ግን እሳቸው ናቸው፤ «እስቲ ያንብቡልኝ» አልኳቸው።

«ደብዛዛ ነው» አሉ በአዲሱ።

የተፋቀውን ሰጠኋቸው። «ይሄም ያው ነው።»

ውዱን ሰጠኋቸው። «ጭጋግ።»

ባለሱቁ ወደ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት አዟዙሮ አስተካከለ። «የላይኛውስ መስመር? ትልቁ?» አልኳቸው።

«አልኩሽ እኮ ልጄ። ዓይኔ አልቋል፤ ጠመንጃውን እሸጠዋለሁ።» ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ባለሱቁ ስኮፖቹን ወደ ሣጥናቸው መመለስ ጀመረ። ጋሽ መኩሪያ ግን የተፋቀውን እንደገና ስበው ማየት ቀጠሉ። ቆይተው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ «ይቺ ንብ ደግሞ በዚህ በተቀደደ ክንፍ እንዴት ነው የምትበረው?» አሉ።

ወደ አጥሩ ሄድኩ። ከወረቀቴ አንድ ስንዝር ራቅ ብላ ንብ ተቀምጣለች። የአንድ ክንፏ ጫፍ ተቀዷል።

እዚያው ቆምኩ። በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ወረቀት ስትሰጠኝ፣ «ዓይኔን ያመኛል፣ አንብቢልኝ» ያልኳት ትዝ አለኝ። ጋሽ መኩሪያ ፊደል አያውቁም። ትእዛዙን በአፍ ንገሩኝ የሚሉትም ለዚሁ ነበር። ሁለት ዓመት አጠገባቸው ስሠራ አልጠረጠርኩም፤ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ልጠረጥር የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

ወረቀቱን ነቅዬ ተመለስኩ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቀለሙ ፈሶ ፊደሉን አበላሽቶታል።» አልፈሰሰም። በጀርባው ላይ ቀጫጭን መስመሮች አቀራርቤ አሰመርኩና መልሼ ለጠፍኩት። «ስንት ናቸው?»

በአዲሱ፣ «አራት… አምስት። ተጣብቀዋል።»

በተፋቀው ወዲያው፣ «ዘጠኝ። ሰባተኛዋ ጠማማ ናት፤ ስታሰምሪ እጅሽ ተንቀጥቅጧል።»

ሄጄ አየሁ። ጠማማ ነበረች።

የተፋቀውን ገዛን፤ ከማሰሪያ ቀለበቶቹ ጋር ከመቶ ሃምሳው አላለፈም። በውድድሩ ከአሥራ አንድ ሰው አራተኛ ወጡ። በማግስቱ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት፣ ቢላቸውን እየሞረዱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ያቺ ቀለሟ የፈሰሰው ወረቀት አለች?» አሉኝ።

«አለች፣ ጋሼ።»

«እስቲ ከትልቁ እንጀምር።»

ያን ቀን ንቧ ባትኖር ኖሮ ጠመንጃው ተሸጦ፣ እኔም ዓይናቸው ደክሟል ብዬ አዝኜ እቀር ነበር እላለሁ። ምርመራዬ አልቆ ስነሣ፣ በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ተራ ይጠብቁ ነበር። መርማሪዋን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ፊደል የሌለበት ሠሌዳ አላችሁ?» አልኳት።

ከመሳቢያ ሥር አንድ ካርድ አወጣች፤ ክብ፣ ቤት፣ ኮከብ ያለበት። «አለን» አለች፣ «ግን የሚጠይቀን ሰው የለም።»

«አይጠይቁሽም» አልኳት። «ዝም ብለሽ አውጪላቸው።»