ሁለተኛው በግ

መምህር ገሠሠ የዓለም ሃይማኖቶችን ማጥናት የጀመረው ወዶ አይደለም። ዘመሮ ላይ አንድ ትምህርት ቤት ነው የምናስተምረው፤ እሱ ሥነ ዜጋ፣ እኔ አማርኛ። የክረምት የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል ሲመጣ ያመለከተው እንደማንኛውም ጤነኛ መምህር ለትምህርት አመራር ነበር። እሱ ሞልቷል አሉት። ቦታ የተረፈው የዓለም ሃይማኖቶች ጥናት በሚባል ክፍል ብቻ ነበር። ገሠሠም ዲግሪ ምን ጊዜም ዲግሪ ነው ብሎ ገባበት።

ከመጀመሪያው ክረምት ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። «እንደምን አደርክ?» ስንለው በጤናው አይመልስም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ባልን ቁጥር ቀና ብሎ ያየንና፣ ያስተዋለውን ነገር ለራሱ እንደያዘ ሰው አንገቱን ይነቀንቃል። ጾም የሚለውን ቃል ጭራሽ ተወው፤ «ከምግብ የመታቀብ ሥርዓት» ሆነ። ሚስቱ እታገኝ ነገር የምታሳድር ሴት አይደለችም። አንድ ረቡዕ ማታ ርቦት ገብቶ «ዛሬ ምን አለ?» ቢላት «ከምግብ የመታቀብ ሥርዓት አለ» ብላ ባዶ ትሪ አቀረበችለት። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ቤቱ ውስጥ ጾምን ጾም ማለት ጀመረ።

እኔን የሚያበሳጨኝ ገለልተኝነቱ ነበር። «ተመራማሪ ከሁሉም ሃይማኖት ውጭ ቆሞ ነው የሚመለከተው» ይላል፤ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ሳለን፣ ማንም ሳይጠይቀው። ከሁሉም ውጭ የቆመው ሰውዬ ግን አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሚካኤልን ሳይሳለም አይውልም። መብረቅ ሲጮኽ ደግሞ ከሁላችን ቀድሞ «እግዚኦ!» የሚለው እሱ ነው።

በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ ጣጣው መጣ። አስተማሪዎቹ እያንዳንዱ ተማሪ ከገዛ ሃይማኖቱ ውጭ የሆነ ሰው ፈልጎ፣ ቤቱ ገብቶ በዓሉን ሲያከብር አይቶ፣ ያየውን ጽፎ በሚቀጥለው ሐምሌ እንዲመጣ አዘዙ። ያላመጣ አይመረቅም። የትልልቅ ከተማ ልጆች የጎረቤታቸውን በር አንኳኩተው ሥራቸውን በሳምንት ጨረሱ። ገሠሠ የሚኖረው ግን ጉብታ ባለበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በተሠራበት አገር ነው። መስከረምና ጥቅምት አልቀው ኅዳር ሲገባ አንድም ሰው አላገኘም። ፊቱ ይከሳ ጀመር።

ሞላሌ አካባቢ መንገድ የሚሠራ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ መሐንዲስ አለ ሲሉት በሌሊት ተነሥቶ በጭነት መኪና ሄደ። የቡድሃ ተከታይ አገኘሁ ብሎ እስከዚያ ድረስ ያጠናውን ሁሉ መንገድ ላይ ሲከልስ ሄዷል። አስተርጓሚው ጠይቆ «ሃይማኖት የለኝም ነው የሚለው» አለው።

«አባቱስ?» አለ ገሠሠ።

«አባቱም የለውም።»

«አያቱስ? አያቱን ጠይቅልኝ እስቲ!»

መሐንዲሱ የአያቱ ነገር ለምን እንዳስፈለገ ሳይገባው፣ ይህ ሰው መንገዱ ላይ እንዳይቆም ንገረው ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

ቀጥሎ ቀየት ከተማ ላይ «ሃይማኖቱን ቀይሯል» የተባለ አንድ ጡረታ የወጣ ወታደር መኖሩን ሰማ። ገሠሠ የጋቢውን ጭቃ እንኳ ሳያራግፍ ደረሰበት። ሰውዬው ለካ ከደብሩ አገልጋይ ጋር በማሳ ድንበር ተኳርፈው ሌላ ደብር መሳለም ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የቀየሩት ይህንኑ ነው። ገሠሠ «እርግጠኛ ነዎት? ሌላ ምንም አልቀየሩም?» ብሎ አጥብቆ ቢጠይቃቸው ሽማግሌው ውሻውን ሊፈቱበት ተነሡ።

ግንቦት አጋመሰ። ገሠሠ ያን ጊዜ የተቀደደ ካፖርቱን ይዞ ወደ ማሙሽ ሱቅ ገባ።

ማሙሽ ልብስ ሰፊ ነው። ከደሴ በኩል መጥቶ ዘመሮ ከተቀመጠ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ የሚኖረው በእትዬ ወሰንየለሽ ግቢ ተከራይቶ ነው። ረጋ ያለ፣ ንጹሕ፣ ቀጠሮ የማያጎድል ሰው ስለሆነ ሁላችንም እንወደዋለን። አንድ ነገር ብቻ ይጎዳዋል፤ ጨጓራ። በዓል በመጣ ቁጥር ሥጋ ሲቀርብለት «ጨጓራዬን» ይላል፤ ሴቶቹም ተልባ በጥብጠው ያመጡለታል። ከዚያ ሁሉ ሰው ስለ ማሙሽ ጨጓራ የገሠሠን ያህል የተጨነቀ የለም፤ የልብ ጓደኛው ነውና። «የሚገርም በሽታ ነው» ይለኝ ነበር። «በዓመት አንድ ወር ይብስበትና ቀን ሻይ እንኳ አይቀምስም። ደግሞ ወሩ በየዓመቱ ቦታ ይቀይራል።» ከስፌት መኪናው ጀርባ የተጠቀለለችውን ምንጣፍ ለወገቡ ናት ይላል። ዓርብ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሱቁ መዘጋቱን ደግሞ በሥራ ሰዓት አከባበር ጉድለት ይነቅፈዋል።

እንግዲህ ያን ቀን ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረና ምሬቱን አፈሰሰው። «አለቀልኝ፣ ማሙሽ! ሁለት ዓመት ለፍቼ ልቀር ነው። በዚህ አገር ከእኛ ሌላ እምነት ያለው አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ይጥፋ?»

ማሙሽ መኪናውን ጥቂት ረገጠ። ከዚያ እግሩን አቆመ።

«እኔስ?» አለው።

«አንተስ ምን?»

«እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ገሤ።»

ገሠሠ ሳቀ። ማሙሽ አልሳቀም። ገሠሠ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ሌላ ሰው ቢሆን የሚያቅፈውን ጓደኛ ይፈትነው ጀመር።

«የእስልምና መሠረቶች ስንት ናቸው?»

«አምስት።»

«ዘርዝራቸው።»

«ሸሃዳ፣ ሶላት፣ ጾም፣ ዘካ...»

«ተሳሳትክ። በተማርነው ቅደም ተከተል ዘካ ከጾም ይቀድማል።»

ማሙሽ ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ የሆነውን አንድ በአንድ ነገረው። ዘመሮ የገባው በገና ዕለት ነበር። እትዬ ወሰንየለሽ ለእንግዳ ተከራያቸው ዶሮ ወጥ ይዘው ገቡ። ሙስሊም ነኝ ብላቸው ያን ሁሉ ደክመው ያፍራሉ ብሎ ሰጋና ጨጓራዬን ያመኛል አላቸው። በማግስቱ ተልባ ይዘውለት መጡ። «ተልባውን ከጠጣሁ በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር?» አለ። «ቀኑ አለፈበት።»

ገሠሠ ከሱቁ እንደወጣ መንገድ ላይ አገኘኝና ክንዴን ይዞ ወደ እትዬ ወሰንየለሽ ቤት ወሰደኝ። ደጃፋቸው ላይ ገብስ እየለቀሙ ነበር። ገሠሠ ግራ ቀኝ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ እንዳይደነግጡ። ማሙሽ ሙስሊም ነው።»

«እህ» አሉና አንዲት ጠጠር ለቅመው ጣሉ።

«ሙስሊም ነው እልዎታለሁ!»

«ሰማሁ እኮ። እና?»

«ያውቁ ነበር?»

«ገና በመጣ ዓመት ነዋ! ሽሮውን ለብቻው በአዲስ ድስት የምሠራለት ለምን መስሎህ ነው? ልጁ መናገር ካልፈለገ ምን አገባን ብለን ዝም አልን። ጨጓራ አለ፣ እኛም ጨጓራ አልን።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ? ቄስ ኃይለመስቀልም ያውቃሉ፤ እታገኝም ታውቃለች።»

ገሠሠ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አውቅ ነበር። መሬት መሬት አየሁ።

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?» አለ፤ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሕፃን ድምፅ ሆኖ ነበር።

«እንዴ! ሃይማኖት ተማሪው አንተ አይደለህ?» አሉ እትዬ ወሰንየለሽ። «ታውቃለህ ብለን ነዋ።»

እውነቱን ለመናገር ዘመሮዎች በዚህ ነገር በሆዳችን እንኮራ ነበር። ሰው ሳናሳፍር፣ ሳንጠይቅ፣ ገመናውን ሸፍነን ይህን ያህል ዓመት አኖርነው ብለን። ገሠሠን ለብቻው ስናገኘው ደግሞ ሳንስቅበት አላለፍንም።

ማሙሽ አረፋን ወትሮ የሚያከብረው ደሴ ሄዶ ከእናቱ ጋር ነበር። ያን ዓመት መንገዱ አላስተማመነውም። ከታወቀ ታወቀ ብሎ እዚሁ ሊያከብር ቆረጠና ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ገሠሠ በደስታ አበደ፤ ዲግሪው ከነበዓሉ ደጁ ድረስ መጣለት። እኛ ግን ጭንቅ ያዘን። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፤ ይህ በሁለቱም ወገን የታወቀ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጾም ነው ብለን እንገላገል ነበር። አረፋው ግን የዋለው እሑድ ነው፤ ያውም ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወቅት። ሰበብ አጣን። ግማሹ ቤቱ በልቶ ሊመጣ ተዘጋጀ። እታገኝ በሰሐን ምስር ወጥ ይዛ መጣች።

ገሠሠ ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ ነበር። ጫማውን አውልቆ፣ ደብተሩን ይዞ፣ ማሙሽ ሲሰግድ በር ላይ ቆሞ ጻፈ። «ምንም እንዳትለውጥ፤ እኔ እዚህ የለሁም» ይለዋል። ዘወር ሲል ደግሞ «እስቲ ያችን ስግደት ቀስ ብለህ ድገማት» ይለዋል። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጡ። ሁለት በጎች ታስረዋል። ገሠሠ ይህን ሲያይ ዓይኑ በራ። በአንድ ቤት ሁለት በግ ለምን እንደቀረበ ማንንም ሳይጠይቅ ቆሞ ይጽፍ ገባ፤ በኋላ ሲያነብልኝ ስለ ሰማይና ምድር፣ ስለ ሥጋና ነፍስ፣ ስለ ሁለትነት ምሥጢር ብዙ ብሏል።

ማሙሽ አንደኛውን «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብሎ አረደ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ከቤት ሌላ ቢላ አመጣና እጀታውን ወደ ገሠሠ ዘረጋለት።

«ይኸኛው የእናንተ ነው» አለው። «ባርከህ እረድ።»

ገሠሠ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። «እኔ ተመልካች ነኝ። ተመራማሪ በሥርዓቱ ውስጥ እጁን አያስገባም።»

እኔ ልቀበል እጄን ብሰድ እታገኝ ያዘችኝ። «ተው፣ እሱ ይረድ» አለች፤ የሁለት ዓመት ቂም ነበራት።

እትዬ ወሰንየለሽ ከወዲያ ጮኹ። «አንተ ሰውዬ! በገለልተኛ ስም የታረደ በግ ማን ሊበላልህ ነው? በል በስመ አብ በል!»

ገሠሠ ደብተሩን ለእኔ ሰጠኝ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ!» አለ። ድምፁ ለገለልተኛ ሰው ትንሽ በዝቶ ነበር። አረደ፤ በደንብ አረደ። ሴቶቹም የእኛን ለብቻ በእኛ ድስት ሠሩት፤ ማሙሽ የራሱን በራሱ። ቤቱ ሊበላ የቀረውም ተጠርቶ መጣ። የእታገኝ ምስር ሳይነካ ቀረ።

ገሠሠ ተመረቀ። ጽሑፉን ያረምኩለት እኔ ነኝ። ስለ ሁለቱ በጎች ምሥጢር ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷል፤ አስተማሪዎቹም ወደዱለት። የዘመሮ ሕዝብ ለእንግዳ ያለው ክብርም በምስጋና ተጠቅሷል። እኔ ግን እስካሁን የሚከነክነኝ ያን ዕለት ከምሳ በኋላ የሆነው ነው፤ እሱ ጽሑፉ ውስጥ የለም።

በልተን ጠግበን ጨዋታው ደምቆ ሳለ እትዬ ወሰንየለሽ ፊታቸው ያለው እንጀራ እንዳልተቆረሰ አየሁ።

«ማሙሽ፣ ና እስቲ» አሉት። «የእነሱን በግ ለብቻ ግዛ፣ ቢላውን ለእነሱ ስጥ ያለህ ማን ነው?»

«ማንም፣ እትዬ። እናቴ ቤት ክርስቲያን ጎረቤት ሲጠራ እንዲህ ነው የሚደረገው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ጨዋታው ቆመ። እትዬ ወሰንየለሽ እንጀራቸውን ገፋ አደረጉት።

«ገና አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ መስቀል አለፈ» አሉ። «ግቢዬ ውስጥ ስንት በግ ታረደ፣ ስንት ዶሮ። እያወቅን። ከእኛ ውስጥ አንድ ሰው፣ እንካ ቢላውን፣ ይችን ዶሮ ለራስህ እረድ ብሎህ ያውቃል?»

ሁላችንም ትሪውን ማየት ጀመርን። ማሙሽ ፈገግ አለ፤ በዓል ላይ ሰው እንዲያዝን የማይፈልግ ሰው ፈገግታ ነበር።

«ሽሮዎት ጥሩ ነበር፣ እትዬ» አላቸው።

እትዬ ወሰንየለሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ገሠሠ ብዕሩንና የመለስኩለትን ደብተር ይዞ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ደብተሩን ከድኖ ኪሱ ከተተው።